ሽሮ ተውኩ፣ ችፌዬ ግን ባሰበት

የአንባቢዋ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከአማቴ ጋር እኖራለሁ። ለዓመታት ሆዴን ሲነፋኝ፣ ሲቆርጠኝ፣ አንዴ ሲያስቀምጠኝ አንዴ ሲያደርቀኝ ኖሬ፣ ባለፈው ዓመት አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም አይ.ቢ.ኤስ የሚባል የአንጀት ሕመም ነው አሉኝ። ሆድ የሚነፉ፣ ፎድማፕ የሚባሉትን ምግቦች የሚከለክል ዝርዝርም ሰጡኝ። ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ስንዴና ወተት ተውኩ። በአንድ ወር ውስጥ ሆዴን ተሻለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አልፎ አልፎ የሚነሳብኝ ችፌ ግን በዚያው ሰሞን ባሰበት። ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው ይደማሉ፤ የክርኔ እጥፋትና አንገቴ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እስከሚነሳኝ ያሳክከኛል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ‹ይሄ የምግብ ነው› ስትለኝ እንቁላል፣ ለውዝ፣ ቲማቲም፣ በመጨረሻም እንጀራ ተውኩ። አሁን ለቤተሰቡ ወጡን ሠርቼ ለራሴ ሌላ ድስት እጥዳለሁ፤ የምበላው ሩዝ፣ ድንችና ካሮት ነው። ስምንት ወር ሆነኝ። ከስቻለሁ፣ ጸጉሬም ይረግፋል። ከፋርማሲ የገዛሁት ቅባት ስቀባው ይሻለኛል፣ ስተወው ይመለሳል፤ ቆዳ ያሳሳል ስለሚሉ ፈርቼ ጣልኩት። እህቴ የደም መመርመሪያ ልላክልሽ እያለችኝ ነው። ዐቢይ ጾምም እየደረሰ ነው። እባክዎ ይንገሩኝ፣ ሌላ ምን ልተው?

ጣቶቿ የተሰነጣጠቁባት እናት»

መልስ

እህቴ፣ ሌላ ምን ልተው ላልሽኝ መልሴ አጭር ነው፤ ምንም። ከዛሬ ጀምሮ አንድም ምግብ አትተዪ። እንዲያውም ከተውሻቸው ውስጥ አንዳንዶቹን ዛሬ ማታውኑ ወደ ማዕድሽ እንድትመልሺ ነው የምጠይቅሽ። ስምንት ወር በሩዝ፣ በድንችና በካሮት ብቻ የኖረ ሰውነት የቆሰለ ቆዳ የሚጠግንበት አቅም ከየት ያመጣል?

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሆድሽን በአንድ ወር ተሻለሽ፤ እጅሽ በዚያው ወር ባሰበት። አንቺም እህትሽም የምትበይውን ነገር ብቻ ነው የመረመራችሁት። የእኔ ዓይን ያረፈው ግን «ለቤተሰቡ ወጡን ሠርቼ ለራሴ ሌላ ድስት እጥዳለሁ» ባልሽው ላይ ነው። ሽንኩርት መብላት አቆምሽ እንጂ መክተፍ አላቆምሽም። ነጭ ሽንኩርቱን ዛሬም የምትልጪው አንቺ ነሽ። ሁለት ድስት ማለት ደግሞ ሁለት ጊዜ መክተፍና መላጥ፣ ሁለት ጊዜ በላርጎ ማጠብ፣ እጅን በቀን ስንትና ስንት ጊዜ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። የቆዳ ክፍል ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ እጅ ይዛ ለመጣች ሴት የመጀመሪያው ጥያቄዬ ምን በላሽ ሳይሆን ቤት ውስጥ ሥራውን ማን ይሠራል የሚል ነበር።

አንድ ነገር ተመልከቺልኝ። ስትከትፊ ነጭ ሽንኩርቱን የምትይዢው በግራ እጅሽ ከሆነ፣ የግራ እጅሽ አውራ ጣት፣ አመልካችና የመሐል ጣት ጫፎች ከቀኙ ይልቅ ደርቀውና ተሰነጣጥቀው እንደሆነ እይ። ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ሹል ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ቆዳን በመንካት ብቻ ያቆስላል፤ በአንዳንድ ሰው ላይም የንክኪ አለርጂ ያመጣል። ቢላዋ በያዘው እጅና ሽንኩርቱን በያዘው እጅ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ይናገራል። የሽንኩርት ጭማቂ፣ የቲማቲም ኮምጣጤነት፣ የበርበሬ ማቃጠል፣ የቦካ ሊጥ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ሁሉም ጤነኛ ቆዳ የሚችላቸው፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ግን የማይችላቸው ናቸው።

ችፌ የደም መቆሸሽ አይደለም፤ ከሆድ ወደ ላይ የወጣ መርዝም አይደለም። ሐኪሞች አቶፒክ ደርማታይተስ የሚሉት ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚመጣ የቆዳ ድክመት ነው። የላይኛው የቆዳ ሽፋን የሚገባውን ያህል ጥብቅ ስላልሆነ ውስጡ ያለው እርጥበት ያመልጣል፣ ውጭ ያለው ሳሙናና አቧራም ይገባል፤ የሰውነት መከላከያም በትንሽ ነገር ይቆጣል። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ችፌ፣ ሌላው አስም፣ ሦስተኛው አበባ ሲፈካ የሚያስነጥሰው የሚሆነውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የምትኖሪው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የአዲስ አበባ ደረቅ አየርና የሌሊት ብርድ ጤነኛውንም ከንፈር ይሰነጥቃል።

ምግብ ችፌን ፈጽሞ አይነካውም አልልሽም። ችፌያቸው የበረታ አንዳንድ ሕፃናት ላይ የእንቁላል፣ የወተት ወይም የለውዝ አለርጂ አብሮ ይገኛል። በአዋቂ ላይ ግን ይህ እምብዛም ነው። እውነተኛ የምግብ አለርጂ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይደበቅም፤ በተበላ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈር ያብጣል፣ ያስመልሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። አንቺ ከነዚህ አንዱንም አልጻፍሽልኝም። ችፌ ራሱ የሚነሳና የሚተኛ ሕመም ስለሆነ፣ በተነሳ ቁጥር ትናንት የበላሽውን ብትፈልጊ ሁልጊዜ የሚወቀስ ምግብ ታገኛለሽ። እንቁላሉ ተወቀሰ፣ ለውዙ ተወቀሰ፣ እንጀራው ተወቀሰ፤ ቆዳሽ ግን አልዳነም።

እህትሽ ልትልክልሽ ያሰበችው መመርመሪያ ምናልባት አይጂጂ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል የሚለካው ነው። ያ ምርመራ አለርጂን አያሳይም፤ የሚያሳየው ሰውነትሽ የትኛውን ምግብ እንደሚያውቅ ነው። የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የካናዳ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ለዚህ ጉዳይ እንዳንጠቀምበት መክረዋል። ብታደርጊው አዘውትረሽ የምትበያቸውን ምግቦች ዘርዝሮ «ተዪ» የሚል ወረቀት ይመጣልሽና የቀረሽው ድንችም ይወሰድብሻል። እህትሽ የምታደርገው ከፍቅር ነው። ገንዘቡን ማውጣቷ ካልቀረ ሽታ የሌለው ወፍራም የቆዳ ቅባትና ስስ የጥጥ ጓንቶች ትላክልሽ፤ ከመመርመሪያው አሥር እጥፍ ይጠቅሙሻል።

አሁን ወደ ቆዳሽ ሕክምና። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም ስምንት ወር ሙሉ የተረሳው እሱ ነው።

ቅባት ለቆዳሽ የሚያደርገው፣ ምርጊት ለተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ የሚያደርገውን ነው። ውድ መሆን የለበትም። ሽቶ የሌለው ተራ ቫዝሊን በየሱቁ አለ፣ ሥራውንም በደንብ ይሠራል። ዋናው ብዛቱና ሰዓቱ ነው። ገላሽን ለብ ባለ ውሃ ከአሥር ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ታጠቢ፤ የፈላ ውሃ ለጊዜው ማሳከኩን ያስታግስልሻል፣ በኋላ ግን ያብሰዋል። ሳሙናውን ለብብት፣ ለእግርና ለኀፍረተ ሥጋ አካባቢ ብቻ ተጠቀሚ፤ ክንድሽና አንገትሽ በውሃ ብቻ ይጸዳሉ። መፋቂያውን ተዪው። ዲቶል ውሃ ውስጥ አትጨምሪ። በፎጣ ሳትፈትጊ አድርቀሽ ቆዳሽ እርጥበቱን ሳይጨርስ፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቅባቱን ደርበሽ ተቀቢ። እጅሽን ደግሞ በታጠብሽ ቁጥር ቅቢው። አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ማድ ቤት፣ አንድ መታጠቢያው ጋ፣ አንድ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ማታ እጅሽን በደንብ ቀብተሽ የጥጥ ጓንት አድርገሽ ተኚ።

ስንጥቅ ላይ ቅቤ፣ ማር፣ እንቁላል፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ፌጦ አትቀቢ። እናቶቻችን በቅንነት ያደረጉት ነው፤ ነገር ግን ምግብ በቆሰለ ቆዳ በኩል ሲገባ ሰውነት ያንን ምግብ እንደ ጠላት መቁጠር ሊማር ይችላል። የምትፈሪው አለርጂ በአፍ ሳይሆን በቆዳ የሚገባበት መንገድ ይኸው ነው። ለልጆችሽም ይህንን አስቢ፤ ችፌ በዘር ይሄዳልና።

ስለጣልሽው ቅባት። ምናልባት ስቴሮይድ የሚባለው፣ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ስሙን አልጻፍሽልኝም፤ ቱቦው ላይ አንብቢው። ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ከሆነ ለስላሳ ነው። ቤታሜታዞን ከሆነ ጠንካራ ነው። ክሎቤታሶል ከሆነ ከሁሉም የበረታው ነውና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንገትሽንና ፊትሽን አይንካ። ቆዳ ያሳሳል የሚባለው እውነት ነው፤ የሚያሳሳው ግን ብርቱው ዓይነት ስስ ቆዳ ላይ ለወራት ሳይቋረጥ ሲቀባ ነው። በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ብርታት፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት የተቀባ መድኃኒት ከሚያደርስብሽ ጉዳት ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ በጥፍርሽ የምታደርሺው ይበልጣል። የመዳፍና የጣት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ብርቱውን ይፈልጋል፤ አንገት ለስላሳውን። የቆዳ ሐኪም ሁለት የተለያየ ቱቦ ቢሰጥሽ አትገረሚ። መጠኑን ደግሞ በጣትሽ ለኪው፤ ከአመልካች ጣትሽ ጫፍ እስከ መጀመሪያው የጣት እጥፋት የሚደርስ መሥመር ግማሽ ግራም ገደማ ነው፣ ከነጣቶቹ የሁለት መዳፍ ስፋት ላለው ቆዳም ይበቃል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው፣ ሻካራነቱና ማሳከኩ እስኪጠፋ ቀቢ። ማሳከኩ ሁለት ቀን ስለቀነሰ አትተዪው፤ ሲተው የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳይድን ስለሚተው ነው። ከዳነ በኋላም ሐኪምሽ ደጋግሞ በሚነሳበት ቦታ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንድትቀቢ ሊነግርሽ ይችላል። መድኃኒቱንና ቫዝሊኑን በአንድ ጊዜ አትደራርቢ፤ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይለያያቸው።

በእኛ ቆዳ ላይ ችፌ እንደ ሕክምና መጻሕፍቱ ሥዕል ቀልቶ አይታይም፤ ወደ ወይን ጠጅ፣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ይሄዳል። ሲድንም ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ትቶ ይቆያል። ምልክቱ በወራት ውስጥ በራሱ ይደበዝዛልና እሱን ለማጥፋት ብለሽ የሚያቀላ ክሬም እንዳትገዢ አደራ። ብዙዎቹ ላያቸው ላይ ያልተጻፈ ብርቱ ስቴሮይድ፣ አንዳንዶቹም ሜርኩሪ አለባቸው።

ለእጅሽ ግን ከቅባትም ከመድኃኒትም በላይ የሚያስፈልገው ዕረፍት ነው። እጅሽ እስኪድን ድረስ ሽንኩርት የሚከትፍ፣ ዕቃ የሚያጥብ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ለባለቤትሽ አንቺው ንገሪው፤ ከአማትሽ ጋር ደግሞ እሱ ይነጋገር። «ሐኪም እጇን ውሃ እንዳታስነካ ብሏታል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከልጃቸው አፍ ሲወጣ ሌላ ክብደት አለው። የማይቀረውን ሥራ ስትሠሪ ከሥር የጥጥ፣ ከላይ የቪኒል ወይም የናይትራይል ጓንት አድርጊ። የላስቲክ ጓንቱ ብቻውን ውስጡ ላብ ስለሚያጠራቅም ያሳክክሻል። ሃያ ደቂቃ ሲሆን አውልቂው። ቀለበትሽንም አውልቂ፤ ሳሙናው ከሥሩ ይቀመጣል።

ወደ ማዕድሽ ልሂድ። ይህ ፎድማፕን የመቀነስ አመጋገብ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን በሚገኘው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዳበረ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ አንዳንድ የካርቦሃይድሬት ዓይነቶች በትንሹ አንጀት ሳይመጠጡ ወደ ትልቁ ይወርዳሉ፣ ውሃ ይስባሉ፣ ባክቴሪያዎች ሲያብላሏቸውም ጋዝ ይፈጠራል። አንጀቱ ስሜታዊ የሆነ ሰው ያንን መነፋት እንደ ሕመም ይሰማዋል። ሐኪሙ የሰጡሽ ዝርዝር ለሆድሽ ትክክል ነበር፤ መሻልሽ ምስክር ነው። ነገር ግን አመጋገቡ ሦስት ምዕራፍ አለው፣ አንቺ የተሰጠሽ የመጀመሪያው ብቻ ይመስለኛል። ሁሉንም የመተው ምዕራፍ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ መፈተን ይከተላል። በመጨረሻ የማይስማማሽን ለይተሽ፣ የሚስማማሽን እየበላሽ መኖር ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ለወራት መቆየት ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ይቀንሳል፣ ካልሲየምና አሰርም ያጎድላል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። ሆድሽን የተሻለሽ እንጀራ፣ እንቁላል፣ ለውዝና ቲማቲም እየበላሽ ሳለሽ ነው። እነዚህን የተውሽው በኋላ፣ ለቆዳሽ ብለሽ ነው፤ ቆዳሽም አልተሻለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመለሱት እነሱ ናቸው። እንጀራውን ዛሬ ማታ ብዪ። ጤፍ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን የለውም፤ የምትገዢው እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ እንዳይቀየጥበት ብቻ ጠይቂ። ነገ በደንብ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከቁራሽ ጀምረሽ፣ ቀን፣ ሰው ባለበት። ለረጅም ጊዜ የተተወ ምግብ ሲመለስ አንዳንዴ ሰውነትን ሊያስቆጣ ስለሚችል ነው ይህን የምልሽ። ከዚህ በፊት እንቁላል ወይም ለውዝ በልተሽ ሽፍታ ወይም የከንፈር እብጠት አይተሽ የምታውቂ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሪው፤ ሐኪም ፊት ይሁን። ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ ፎድማፕ የላቸውም፤ ሽንኩርት የሌለው ጥብስ በንጥር ቅቤ፣ በሮዝመሪ፣ በዝንጅብልና በጥቂት ቃሪያ መብላት ትችያለሽ። ቅቤው ሲነጠር ሽንኩርት ሳይገባበት በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በእርድ ይነጠር። ጎመንና ቆስጣ፣ ብርቱካንና ፓፓያ አይከለከሉም። ማርና ማንጎ ይቆዩ፣ በጣም የበሰለ ሙዝም እንዲሁ።

የውጭ ዝርዝሮች ስለ አስፓራገስ እንጂ ስለ ቁሌት አይነግሩሽም። በሽንኩርት ውስጥ ያለው፣ ፍሩክታን የሚባለው የፎድማፕ ዓይነት በውሃ ይሟሟል፣ በዘይት ግን አይሟሟም። ስለዚህ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ተቁላልቶ በተሠራ ወጥ ውስጥ ሽንኩርቱን ለቅሞ ማውጣት ዋጋ የለውም፣ መረቁ ውስጥ ገብቷልና። በትኩስ ዘይት ውስጥ ትልልቅ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጠብሶ፣ ፍሬውን አውጥቶ ጥሎ፣ በዘይቱ መሥራት ግን ይቻላል፤ ጣዕሙ ይቀራል፣ ፍሩክታኑ አብሮ ይወጣል። የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴው ቅጠልም ይሆንሻል፤ ነጩን ለሌላው ድስት ስጪው። የተደለዘ በርበሬ ውስጥ የደረቀ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንደሚፈጭ አትርሺ። ለራስሽ ትንሽ በርበሬ በኮረሪማ፣ በጥቁር አዝሙድና በዝንጅብል ብቻ አስፈጭተሽ አስቀምጪ፤ ማቃጠሉ ራሱ ሆድሽን እንዳይነካው በጥቂቱ።

ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ከጥራጥሬው የሚወገድ ነገር የለም፤ ሁሉም ድስቱ ውስጥ ነው። ምስር ግን አድሮ ተነክሮ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ፣ ውሃው ሲደፋ የሚነፋው ነገር ብዙው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከጥራጥሬ የመጀመሪያ ፈተናሽ ምስር ይሁን። እንቁላሉና እንጀራው ከተመለሱ፣ ሆድሽም ጸጥ ካለ በኋላ፣ አንድ ቀን ሁለት ማንኪያ፣ በማግስቱ አራት፣ በሦስተኛው ቀን ግማሽ ጭልፋ። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ዕረፍት፣ ቀጥሎ ወተት፣ ቀጥሎ ስንዴ፣ ቀጥሎ ሽንኩርት፣ እያንዳንዱ ለብቻው። ሽሮውን መጨረሻ ላይ በትንሽ ጭልፋ ፈትኚው። ብዙ ሰው ከነዚህ ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው የማይስማማው። ይህን ስታደርጊ የቆዳ ሕክምናሽ በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ቅባቱን አንድ ቀን ቀብተሽ ሁለት ቀን ከተውሽ ማሳከኩ ከምግቡ ይሁን ከቅባቱ መቅረት መለየት አትችዪም።

እነዚህን ከምስር ጀምሮ ያሉትን ፈተናዎች ከመጀመርሽ በፊት ግን ሐኪም ቤት ሂጂ። መክሳትሽና የጸጉርሽ መርገፍ የአይ.ቢ.ኤስ ጠባይ አይደለም። ምናልባት ከምግቡ ማነስ ነው፤ ነገር ግን መገመት አይበቃም። ክብደትሽ ይለካ፤ የደም ማነስ፣ የብረት ክምችት፣ ቢ12፣ ዚንክና የታይሮይድ ምርመራ ጠይቂ። ዚንክ ሲጎድል ራሱ ችፌ የሚመስል ቁስል እጅና አፍ አካባቢ ያመጣል፣ ጸጉርም ያረግፋል፤ ያንቺ ማዕድ ደግሞ ዚንክ የሚገኝባቸው ሥጋም ጥራጥሬም የሌሉበት ነው። የሰገራ ምርመራም ይደገም፤ ጃርዲያ እንደ አይ.ቢ.ኤስ ሊመስል ይችላል።

ሴሊያክ ስለሚባለው፣ ግሉተን አንጀትን ስለሚያቆስልበት በሽታም ጠይቂ፤ ከመጀመሪያው ተመርምረሽ ከሆነ ደህና። ካልሆነ ስንዴ ከተውሽ ወራት ስላለፉ ምርመራው ጤነኛ ነሽ ብሎ ሊያሳስት ይችላል፤ ሐኪሙ ለሳምንታት ስንዴ እየበላሽ እንድትመረመሪ ሊያዝሽ ይችላል። ይህን የማነሳው ከቆዳሽም የተነሳ ነው። ከሴሊያክ ጋር የሚመጣ፣ ችፌ የሚመስል ግን ችፌ ያልሆነ የቆዳ ሕመም አለ። አንቺ የጻፍሽልኝ የክርን እጥፋት ነው፣ እሱ የችፌ ቦታ ነው። ያኛው የሚወጣው በክርን ውጨኛው አጥንት ላይ፣ በጉልበት ፊትና በመቀመጫ ላይ ነው፤ ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ፣ ክፉኛ የሚያሳክኩ ፍሬዎች ናቸው። እነዚያ ካሉሽ ለሐኪሙ አሳዪ። እዚያ ላይ ምግቡ በእርግጥ ሕክምና ነው።

አለርት ሆስፒታል ጠንካራ የቆዳ ክፍል አለው፤ ሌሎችም ሆስፒታሎች ውስጥ የቆዳ ሐኪሞች አሉ። ስትሄጂ የተጠቀምሽባቸውን ቱቦዎች ሁሉ፣ ባዶዎቹንም፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው፣ በተለይ ሌሊት፣ የሚያሳክከው ካለ አትደብቂ፤ እከክ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው፣ ለሁላችሁም በአንድ ቀን ነው የሚሰጠው።

ጾሙን በተመለከተ የምናገረው እንደ እምነት ተካፋይሽ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጥራጥሬውን ሆድሽ ከከለከለሽ፣ እንቁላሉንና ሥጋውን ጾሙ ከከለከለሽ፣ ተመልሰሽ ሩዝና ድንች ላይ ትወድቂያለሽ፤ ይህ ዘንድሮ ለአንቺ አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት። የሐኪሙን ወረቀት ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ፣ መክሳትሽንም እጅሽንም አሳዪያቸው፤ በራስሽ ፍርድ ሳይሆን በእሳቸው ፈቃድ አድርጊው፣ ልብሽ ያርፋል። መጾም ከፈቀዱልሽም፣ አንቺም ከበረታሽ፣ ለውዝ በየቀኑ፣ ሰሊጥ፣ ጥቂት ተልባ፣ ውሃው የተደፋ ምስር በልክ፣ ጎመንና ቆስጣ፣ የአጃ ገንፎ፣ የጤፍ እንጀራ ይኑርሽ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ግን ዘንድሮ ተዪው። ጠበል የምትጠመቂም ከሆነ ከጠመቁሽ በኋላ ቆዳሽን አድርቀሽ ወዲያው ቅባትሽን ተቀቢ፤ መድኃኒቱንም አታቋርጪ።

እስከ ቀጠሮሽ ቀን ሳትጠብቂ መሄድ ያለብሽ መቼ እንደሆነ ደግሞ ልንገርሽ። ስንጥቁ ቢመግል፣ ቢጫ ቅርፊት ቢይዝ፣ እጅሽ ቢያብጥ፣ ትኩሳት ቢነሳብሽ፣ ወይም በአንድ ጊዜ ብዙ፣ ክብ ክብ፣ የተቦረቦሩ የሚመስሉ የሚያሙ ቁስሎች ቢወጡብሽ በዚያው ቀን ሐኪም ይይሽ፤ የመጨረሻው የኸርፐስ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ሌሊት ቢሆንም አትደሪ። ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለሽ፣ ወይም ወደ ምግብ ተመልሰሽም መክሳትሽ ካላቆመ ደግሞ የሆድሽን ሐኪም በዚያው ሳምንት አግኚ፤ ስትደርሺም ፎድማፕ ላይ ስምንት ወር መቆየትሽን መጀመሪያ ንገሪያቸው።